ስለ ሮቦት ውድድር የልምምድ ሜዳና ስለ መነጽሩ አመራረጥ



መሣሪያ ከመግዛት አስቀድሞ መሣሪያው የሚውልበትን ሥራ ማወቅ ይገባል። ቪ.አር. የሚባለው መነጽር በስፍራው የሌለውን ነገር እንዳለ አድርጎ ለሁለቱም ዐይን የሚያሳይ ብልሃት ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም መነጽሩ ለሮቦት ውድድር ልምምድ የሚሰጠውን ጥቅም መመርመርና፣ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ትምህርት ቤት በምን ሚዛን ሊመርጠው እንደሚገባ ማመልከት ነው። የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በአስመሳይ መሣሪያ መለማመድ አዲስ ነገር አይደለም። በ1929 ኤድዊን ሊንክ የተባለው አሜሪካዊ፣ በአባቱ የኦርጋን ፋብሪካ ከለመደው ሥራ ተነሥቶ፣ በወናፍ ኀይል የሚንቀሳቀስ የአውሮፕላን መለማመጃ ሠራ። በመጀመሪያ መሣሪያው ለመዝናኛ ስፍራ መጫወቻ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። በ1934 ግን የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን ነጂዎች ፖስታ እንዲያመላልሱ ታዘው፣ በክፉ አየር ምክንያት አያሌ ነጂዎች በሞቱ ጊዜ፣ ጦሩ ስድስት መለማመጃዎች ገዛ። በምድር ላይ ተሳስቶ መታረም በሰማይ ላይ ተሳስቶ ከመውደቅ እንደሚሻል የታወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

ወደ ሮቦቱ ውድድር ስንመለስ፣ ፈርስት የተባለውን ድርጅት ዲን ኬመን በ1989 መሠረተ፤ በ1992 የመጀመሪያው ውድድር በኒው ሃምፕሸር በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ በ28 ቡድኖች መካከል ተደረገ። የዚህ ውድድር ሜዳ ርዝመቱ 54 ጫማ፣ ወርዱ 27 ጫማ ያህል ነው። በእያንዳንዱ ወገን ሦስት ሦስት ሮቦቶች ይሰለፋሉ። ጨዋታው በየዓመቱ በጥር ወር አዲስ ሆኖ ስለሚታወጅ፣ ያለፈው ዓመት ሜዳ ለሚመጣው ዓመት አያገለግልም። ስለዚህ ገንዘብና ሰፊ አዳራሽ ያለው ቡድን የሜዳውን አምሳያ ከእንጨት ሠርቶ ይለማመዳል፤ የሌለው ግን ሜዳውን የሚያየው በውድድሩ ዕለት ነው። ሁለቱ ተማሪዎች በብልህነት እኩል ቢሆኑ እንኳ በአንድ መስመር ላይ አልቆሙም።

ይህን ልዩነት ለማጥበብ የኮምፒዩተር ሜዳ ይረዳል። ድርጅቱ የሜዳውን ንድፍ ለሁሉ ስለሚገልጥ፣ ያንኑ ሜዳ በኮምፒዩተር ውስጥ መሥራት ይቻላል። አውቶዴስክ የተባለው ኩባንያም ሲንተሲስ የሚባል አስመሳይ ፕሮግራም አዘጋጅቶ በነፃ ሰጥቷል። ነገር ግን በጠፍጣፋ መስታወት ላይ የሚለማመድ ተማሪ ሮቦቱን ብዙ ጊዜ ከላይ ወይም ከኋላው ሆኖ ያየዋል። በእውነተኛው ውድድር ሮቦቱን የሚነዳው ተማሪ በሜዳው ጫፍ ከግድግዳ ጀርባ ይቆማል፤ ሮቦቱም ከ10 ሜትር በላይ ሊርቀው ይችላል። በ2025 ሪፍስኬፕ በተባለው ጨዋታ በእያንዳንዱ ወገን ስድስት ጎን ያለው የቧንቧ መስቀያ ቆሞ ነበር። ነጂው ፊት ለፊት ያለውን ጎን ያያል፤ ከመስቀያው በስተጀርባ ያለውን ግን መስቀያው ራሱ ይከልልበታል። የመነጽሩ ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ተማሪውን በትክክለኛው ስፍራ አቁሞ ርቀትን እንዲገምትና የሚከለልበትን ነገር አስቀድሞ እንዲያውቅ ያደርገዋል።

ከዚህም የተነሣ የምርጫው ሚዛን ይገለጣል። አንደኛ፣ መነጽሩ የራስን መዞር ብቻ ሳይሆን ዘንበል ማለትንም መከተል አለበት። በ2014 ጉግል ያቀረበው ካርድቦርድ የተባለው ባለስልክ የካርቶን መነጽር ርካሽ ነው፤ ይሁን እንጂ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ከመስቀያው ጀርባ ለማየት የሚሞክረውን ተማሪ አይከተለውም።

ሁለተኛ፣ ዋጋውን ከነተከታዩ መቍጠር ይገባል። በ2016 ኦኩለስ ሪፍት በ599 ዶላር ለገበያ ሲቀርብ፣ ከእርሱ ሌላ ብርቱ ኮምፒዩተር ይፈልግ ነበር። በ2019 የወጣው ኩዌስት ግን ያለ ኮምፒዩተር ብቻውን የሚሠራ ሆነ። ኩዌስት 3 በ2023 በ499 ዶላር፣ ኩዌስት 3ኤስ በ2024 በ299 ዶላር ወጡ። ሆኖም የተመረጠው አስመሳይ ፕሮግራም በኮምፒዩተር ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ርካሹ መነጽር ብቻውን ዋጋ የለውም። ስለዚህ አስቀድሞ ፕሮግራሙ ይመረጣል፤ መነጽሩ ይከተላል።

ሦስተኛ፣ መነጽሩ የብዙ ተማሪዎች ነው። የዐይን ከዐይን ርቀት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ኩዌስት 2 ሦስት ደረጃዎች ብቻ ሲኖሩት፣ ኩዌስት 3 በመዘውር ቀስ በቀስ ይስተካከላል። ካልተስተካከለ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ልጁም የመነጽሩን ጉድለት የራሱ ስንፍና አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል።

ማቅለሽለሽን በሚመለከት፣ ዐይን «ተንቀሳቀስሁ» ሲል የውስጥ ጆሮ «አልተንቀሳቀስሁም» ቢል ሰውነት ይታወካል። ተማሪው በሮቦቱ ላይ እንደ ተሳፈረ ሆኖ ሲለማመድ ይህ በቶሎ ይመጣል፤ በነጂው ስፍራ ቆሞ ሲለማመድ ግን ይቀላል። እንግዲህ እውነተኛው አቋቋም ለጤናም የሚበጀው ነው።

የመነጽሩ ባትሪ ሁለት ሰዓት ያህል ቢቆይ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ 10 ደቂቃ ሲመደብ 12 ተማሪዎች ይደርሳቸዋል። የዚህ ውድድር አንድ ግጥሚያ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ስለሆነ፣ 10 ደቂቃ አራት ግጥሚያ ማለት ነው። መነጽሩን በየተራው መካከል የሚያጸዳና ተራውን የሚጽፍ ሰው ከሌለ ግን ተራው ለጉልበተኛው ይሆናል።

በመጨረሻም ማንም መነጽሩን የሮቦቱ ምትክ አድርጎ አይቍጠረው። ከ50 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነው ሮቦት በምንጣፍ ላይ ሲንሸራተት፣ ባትሪው ሲደክም፣ ብሎኑ ሲላላ የሚገኘውን ትምህርት የሚሰጠው ብረቱ ብቻ ነው። ገንዘቡ መነጽርንና መፍቻን አንድነት ለመግዛት የማይበቃ ከሆነ፣ መፍቻው ይቅደም። ሁለቱ የተገኙለት ትምህርት ቤት ግን፣ ሜዳ ያልነበረው ልጅ በውድድሩ ዕለት ሜዳውን እንደሚያውቀው ስፍራ እንዲገባበት ያደርገዋል። የመምህርም ድካም ለዚህ ነው።