ከትንሽ ዓሣ የምንማረው
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እኛ የዳምቦያ ተማሪዎች በዛሬው በዓል ስለ አንዲት ትንሽ ዓሣ ለመናገር ስንነሣ፥ «ዓሣ ስለ ሰው በሽታ ምን ታስተምራለች?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሱን ከምናውቀው ዛፍ እንጀምር።

ለቡና ጥላ የሚሆነው ብርብራ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ዓሣው ፈዝዞ ይንሳፈፋል። በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለና፥ ሕዋስ ኃይል የሚያገኝበትን መንገድ ይዘጋል። ያው መንገድ በሰውም ሕዋስ ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ ዓሣንና ሰውን መልካቸው ቢለያያቸው የውስጥ አሠራራቸው ያዛምዳቸዋል።

ለዚህ ዝምድና ምርምር ከተመረጡት እንስሳት አንዷ ዜብራ ዓሣ ናት። ርዝመትዋ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በጎንዋ እንደ ሜዳ አህያ መስመር አላት፤ አገርዋም ሕንድ፥ ኔፓልና ባንግላዴሽ ነው። ጽንስዋ ከእናቱ አካል ውጭ ያድጋል፤ ገላው እንደ መስተዋት ብርሃን ስለሚያሳልፍም በ1 ቀን ገደማ የልቡ ምት በማይክሮስኮፕ ይታያል። የአሜሪካው የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ጆርጅ ስትራይሲንገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ባሳተሙት ጥናት ለዚህ ምርምር መንገድ ጠረጉ። በ2013 ደግሞ ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ በዚህች ዓሣ ዘንድ አምሳያ እንዳላቸው ታወቀ።

ጥቅሙን በሳንባ ነቀርሳ እንመልከት። ሳንባችን በጎድን አጥንት ተሸሽጎ ሳለ ጀርሙ በውስጡ የሚሠራውን በዓይን መከታተል አይቻልም። ዓሣን የሚያጠቃ የነቀርሳ ጀርም የቅርብ ዘመድ ግን አለ። ሐኪምና ተመራማሪ የሆኑት ላሊታ ራማክሪሽናን ከባልደረባቸው ጋር በዚህ ጀርም የታመሙትን ትንንሽ ዓሦች ተመለከቱ። አስቀድሞ፥ በታመመው ሥፍራ የሚከማቹት ሕዋሳት ጀርሙን አጥሮ የሚይዝ ግንብ ናቸው ይባል ነበር። በ2009 የወጣው ጥናታቸው ግን፥ ጀርሙን ሊውጡ የመጡት ዘበኞች ራሳቸው ሲያዙ፥ አንዳንዶቹም ወደ ሌላ ሥፍራ ተሸክመውት ሲሄዱ አሳየ። ግንብ የተባለው በበሽታው መጀመሪያ ላይ ለጠላት መራቢያ ሆኖ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ዜብራ ዓሣ ሳንባ የላትም፤ ሁሉን ነገር ልታስተምረንም አትችልም። በእርስዋ ላይ የተሞከረ መድኃኒት በሌሎች እንስሳት፥ በመጨረሻም በፈቃደኞች ሰዎች ላይ ካልተፈተነ ለሕሙማን አይሰጥም።

ውድ ወላጆቻችን፥ የእኛ ገላ እንደዚያች ዓሣ ብርሃን የሚያሳልፍ አይደለምና፥ በውስጣችን ያለውን ሕመም የምንገልጠው በአንደበታችን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለምን? 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው በቤታችን ወይም በጎረቤታችን ቢኖር፥ ሳያፍር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ያስመርምር። ነቀርሳ ቢገኝበትም መድኃኒቱን፥ ብዙ ጊዜ ለ6 ወር የሚታዘዘውን፥ ሳያቋርጥ ይጨርስ።

ለእኛ ለተማሪዎችም ትምህርት አለው። ትንሹን ነገር በትዕግሥት የሚመለከት ዓይን ትልቅ ነገር ያገኛልና፥ ከዛሬ ጀምሮ ያልናቅነውን እንመርምር፤ የናቅነውንም ደግመን እንመልከት።