የሚጥል በሽታ ሕክምና እንዴት እዚህ ደረሰ?



ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ ሕክምና ሲወራ ጆሯችን ቶሎ የሚነቃው ለአዲስ መሣሪያ ነው። እኔም ስለ መሣሪያዎቹ አነሣለሁ። የዛሬውን ዲስኩር የምጀምረው ግን ከአንዲት ርካሽ ክኒን ነው፤ ስለ ሚጥል በሽታ ከተገኘው ሁሉ ለአገራችን ሕመምተኛ ትልቁ ነገር እሷ ናት ብዬ አምናለሁ። ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

በ1912 በጀርመን፣ ፍራይቡርግ ከተማ ውስጥ፣ አልፍሬድ ሐውፕትማን የሚባል ወጣት ሐኪም ይሠራ ነበር። ማደሪያው የሚጥል በሽታ ሕሙማን ከተኙበት ክፍል በላይ ስለነበር ሌሊት ሌሊት ሲጥላቸው እየሰማ እንቅልፍ ያጣ እንደነበር ይነገራል። ፌኖባርቢታል የተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት ገበያ ላይ የዋለው ገና በዚያው ሰሞን ነበርና እሱን ሰጣቸው። ሕሙማኑ መተኛታቸው አይገርምም። የገረመው ግን ቀን ቀን የሚጥላቸውም መቀነሱ ነው። ሌላው ሰው ቢሆን ሌሊቱ ጸጥ በማለቱ ተደስቶ ነገሩን በዚያው ይተወው ነበር። ሐውፕትማን ግን ቆጠረ፣ አስተያየ፣ ጽፎም አሳተመ።

ከዚያ በፊት የነበረው መድኃኒት ብሮማይድ ነው። የንግሥት ቪክቶሪያ ሐኪም የነበረው ቻርልስ ሎኮክ እንደሚረዳ የገለጸው በ1857 ነበር። ይረዳል፤ ነገር ግን ሕመምተኛውን ያፈዛል፣ ቆዳውን ያቆስላል። ፌኖባርቢታል የተሻለ ሆኖ መጣ፤ ዛሬም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ።

በሽታው ራሱ እጅግ ጥንታዊ ነው። ባቢሎናውያን ምልክቶቹን በሸክላ ጽላት ላይ ለይተው ጽፈዋል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 አንድ አባት ስለ ልጁ ሲናገር፣ እንደሚወድቅ፣ አረፋ እንደሚደፍቅ፣ ብዙ ጊዜም እሳትና ውኃ ውስጥ እንደሚገባ ይዘረዝራል፤ ዛሬ ሐኪም ከቤተሰብ የሚቀበለው የሕመም ታሪክ ከዚህ ብዙም አይለይም። ከክርስቶስ ልደት 400 ዓመት ያህል ቀደም ብሎም በሂፖክራተስ ስም የሚታወቅ አንድ የግሪክ ጽሑፍ፣ ሰዎች የአማልክት ሥራ ያሉት ይህ በሽታ ከሌላው በሽታ የተለየ እንዳልሆነ፣ መነሻውም አንጎል መሆኑን ተከራክሯል። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የሚያሳይበት መንገድ ግን አልነበረውም። መንገዱ እስኪገኝ ከ2,200 ዓመት በላይ አለፈ።

መንገዱን ያገኘው የለንደኑ ሐኪም ጆን ሂዩሊንግስ ጃክሰን ነው። በእጁ የአንጎልን ሥራ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም፤ ሥራው ማየትና ቤተሰብን መጠየቅ ነበር። አንዳንዱን ሕመምተኛ ሲጀምረው መጀመሪያ አውራ ጣቱ ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ እጁ፣ ቀጥሎ ክንዱ፣ ከዚያ ፊቱ፣ በመጨረሻም ሰውነቱ በሙሉ። ጃክሰን ይህን ቅደም ተከተል ደጋግሞ ሲያየው፣ አካላችን በአንጎል ላይ በሥርዓት የሠፈረ ቦታ እንዳለው፣ ሕመሙም ከአንዱ ቦታ ተነሥቶ ወደ ጎረቤቱ እየተዛመተ እንደሚሄድ ተረዳ። በ1873ም በሽታው የአንጎል ግራጫ ክፍል ድንገትና ከመጠን በላይ ኃይሉን ሲለቅ የሚመጣ ነው አለ። የዛሬው ሕክምና የቆመው በዚህ አባባል ላይ ነው። እስከ ዛሬም ድረስ “ሲጀምረው ምኑ ቀድሞ ተንቀሳቀሰ?” የሚለውን ጥያቄ የሚተካ መሣሪያ አልተሠራም።

ያ የሚለቀቀው ኃይል በዓይን የታየው በሐንስ በርገር ጥረት ነው። ይህ ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም ወጣት ወታደር ሳለ ከፈረስ ወድቆ ከሞት ለጥቂት ተረፈ። በዚያው ዕለት ሩቅ ያለች እኅቱ ክፉ ነገር ታይቷት አባታቸውን ቴሌግራም አስላከችው። በርገር ሐሳብ ከሰው ወደ ሰው በኃይል መልክ ይተላለፋል ብሎ አመነ፤ ያን ኃይል ለመለካትም ዕድሜውን ሰጠ። የፈለገውን አላገኘም። በ1924 ግን በዬና ከተማ የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፤ ተጠራጥሮ ለማሳተም 5 ዓመት ቆየ። ካሳተመም በኋላ ብዙዎች አላመኑትም፤ የእንግሊዙ ኤድጋር አድሪያን በ1934 ደግሞ ሲሠራው ነው ነገሩ እውቅና ያገኘው። በዓመቱ የቦስተን ሐኪሞች፣ ለጥቂት ሰከንድ ፍዝዝ ብለው በሚቀሩ ልጆች አንጎል ላይ በሰከንድ 3 ጊዜ የሚመላለስ ሹል ሞገድ እንዳለ አሳዩ። እስከዚያ ድረስ “ይህ ልጅ አያዳምጥም” ተብሎ የሚገረፍ ተማሪ፣ ከዚያ በኋላ የታመመ መሆኑ በወረቀት ላይ የሚታይ ሆነ።

በዚያው በቦስተን በ1938 ሂዩስተን ሜሪትና ትሬሲ ፑትናም ፌኒቶይንን አስተዋወቁ። ይህ መድኃኒት ሕመምተኛውን ሳያስተኛ ሕመሙን የሚያስቆም በመሆኑ ትልቅ እመርታ ነበር። ሐውፕትማንም ኋላ ወደዚያችው ከተማ ነው የተሰደደው፤ አይሁዳዊ በመሆኑ ናዚዎች ከፕሮፌሰርነቱ አባረሩት፣ በ1938 ዳካው ማጎሪያ አስገቡት፤ ከዚያ ወጥቶ አሜሪካ ገባ፣ በ1948ም አረፈ። ፌኖባርቢታል እስከ ዛሬ ስንት ሕይወት እንዳተረፈ ሳስብ ስሙ እንዲህ መረሳቱ ያሳዝነኛል።

ቀዶ ሕክምናም አብሮ አደገ። አንጎል ራሱ ሲነካ ስለማያምም ዊልደር ፔንፊልድ በሞንትሪያል ሕመምተኞቹን ነቅተው እያነጋገራቸው በትንሽ ኤሌክትሪክ ይነካካቸው ነበር፤ የንግግሩንና የእጁን ቦታ ለይቶ፣ ሕመሙ የሚነሣበትን ጠባሳ ብቻ ቆርጦ ለማውጣት ነው። ጥንቃቄ ሲጎድል ምን እንደሚከተል የታየው ደግሞ በ1953 ነው። ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ የ27 ዓመት አሜሪካዊ ከሁለቱም ወገን በጆሮ ግንድ በኩል ያለው የአንጎል ክፍሉ ውስጡ ተቆርጦ ወጣለት። የሚጥለው ቀነሰ፤ እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ነገር በትውስታው መያዝ አልቻለም፤ ከእሱ ጋር ለዐሥርት ዓመታት የሠሩ ተመራማሪዎች ለእሱ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ሰው ነበሩ። እስከ 2008 ኖረ። ዓለም ስለ ትውስታ ከእሱ ብዙ ተምሯል፤ ዋጋውን የከፈለው ግን እሱ ብቻ ነው፤ ይህን ሳይጠቅሱ ስለ ግኝቱ ማውራት ትክክል አይመስለኝም።

ወደ ቅርቡ ልምጣ። በ1971 በለንደን የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ በሲቲ ስካን ታየች፤ ኤምአርአይ ተከትሎ መጣ። ሐኪም ሊገምት ብቻ የሚችለው ትንሽ ጠባሳ በፎቶ ላይ ተለይቶ ታየ። በ2001 ድራቬ የተባለው ከባድ የሕፃናት ሕመም ከአንድ የሶዲየም መተላለፊያ ዘረመል ስሕተት ጋር እንደሚያያዝ ታወቀ። ይህ ለሳይንቲስት ብቻ የሚጠቅም እውቀት አይደለም፤ ለሌሎች ሕመምተኞች የሚበጁት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን እነዚህን ሕፃናት ስለሚያብሱባቸው፣ ምርመራው የሚሰጠውን መድኃኒት ይለውጣል። መድኃኒት ለማይበግራቸው ሕመሞች በደረት ሥር የሚቀበርና የቬገስ ነርቭን የሚያነቃቃ መሣሪያ በ1997 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ሕመሙ ሲጀምር ለይቶ የሚመልስ፣ ራስ ቅል ላይ የሚተከል ደግሞ በ2013።

ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። በ2000 የታተመ የግላስጎው ጥናት እንዳሳየው፣ በመጀመሪያው መድኃኒት ብቻ 47 ከመቶ የሚሆኑት ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ሲቆምላቸው፣ ከሦስት አንድ የሚሆኑት ግን መድኃኒት ቢቀያየርም አልቆመላቸውም። አዲሶቹ መሣሪያዎች ለእነዚህ ናቸው። ግማሽ ለሚጠጋው ግን ሕመሙ በአንድ ክኒን ይቆምለታል ማለትም ነው። እዚህ ላይ ወደ አገራችን ልመለስ።

በ1980ዎቹ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰው አጠኑ። 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች አገኙ፤ ከሺህ 5 ያህል ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል የታወቀ መድኃኒት ያገኙት ከመቶ ሁለት አይሞሉም ነበር። ፌኖባርቢታል ከተገኘ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት! ምድጃ ውስጥ ወድቀው የተቃጠሉም ነበሩ፤ በገጠር ቤት እሳቱ መሐል ወለል ላይ ነውና። ብዙው ሰው አረፋው ይተላለፍብኛል ብሎ ይፈራ ስለነበር የወደቀውን ከእሳት የሚያነሣ ሰው ይጠፋል። የሕመምተኛው ጠባሳ ከበሽታው ይልቅ የእኛ ሥራ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 የነርቭ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ጀምሯል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዛሬም በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ በሽታ አለበት፤ በአግባቡ ቢታከሙ 70 ከመቶ የሚደርሱት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ፤ በድሃ አገሮች ግን ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሕክምና አያገኙም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ጥቂት ነው። ሰው ሲጥለው ስታዩ ከእሳትና ከስለት አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉለት። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፤ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፤ አረፋው አይተላለፍም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል ውሰዱት። ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ በድንገት ያቋረጠው ክኒን ሕመሙን ሳያቋርጥ እንዲመላለስበት ሊያደርግና ሊገድለው ይችላል። መድኃኒት የምትወስድ ሴት ማርገዝ ስታስብ አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር፤ ከመድኃኒቶቹ መካከል በተለይ ቫልፕሮኤት ጽንሱን ይጎዳል። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ተደብቆ የሚኖር ሕመምተኛ ካለም በዚህ ሳምንት አቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ፤ ሲጀምረው ያያችሁትንም ሳትዘሉ ለሐኪሙ ንገሩ።