አራተኛው መንገደኛ



በአየርላንድ የተወለደው ኧርነስት ሻክልተን 27 ባልደረቦቹን ይዞ ወደ ደቡብ ዋልታ ምድር ሲጓዝ፥ ኤንዱራንስ የምትባለው መርከቡ በባሕር በረዶ ተጨፍልቃ፥ በእኛ አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሰጠመች። ከዚያም 22ቱን ሰዎች በኤሌፋንት ደሴት ትቶ፥ ከአምስቱ ጋር በትንሽ ጀልባ ማዕበሉን ተሻግሮ ደቡብ ጆርጂያ ከተባለች ደሴት ደረሰ። የወረደበት ዳርቻ ግን ሰው የሌለበት ነበረ። ስለዚህ በግንቦት ወር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር፥ ካርታ ያልተነሣለትን የበረዶ ተራራ 36 ሰዓት ተጉዞ፥ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ከሚኖሩበት ወደብ ገባ። በዚያ ጉዞ ሦስቱም አራተኛ መንገደኛ አብሮአቸው ያለ መስሎ ተሰምቶአቸው እንደ ነበረ በኋላ ጽፏል።

ድካምና ብርድ አእምሮን እንዲህ ያደርጉታል የሚሉ አሉ፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን ሠለስቱ ደቂቅ በእቶን ውስጥ ሳሉ ንጉሡ አራተኛውን እንዳየ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን የምንሰማ እኛ፥ ይህን ስናነብ ልባችን ወደዚያ ይሄዳል።

ይልቁንም የሚያስደንቀን ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው። ሻክልተን እሳት ካለበት ቤት ገብቶ ከበላና ከታጠበ በኋላ፥ በደሴቲቱ የቀሩትን 22 ሰዎች አልረሳም። በሦስት መርከቦች ሦስት ጊዜ ሄዶ በረዶው መለሰው። በአራተኛው፥ የቺሊ መንግሥት በሰጠው መርከብ፥ ነሐሴ 24 ቀን፥ እኛ የአባታችንን የተክለ ሃይማኖትን ዕረፍት በምናከብርበት ዕለት፥ ወደ ደሴቲቱ ቀረበና በዳርቻው የቆሙትን ሰዎች ከሩቅ ይቆጥራቸው ጀመር። 22ቱም በሕይወት ነበሩ።