ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ
ለጎልማሳ ተማሪዎች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር

 ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቁጥር ለይታችሁ፣ አሁን ደግሞ የተማራችሁትን በሥራ ላይ ለማዋል የምትሹ ሁሉ እርሳስና ደብተራችሁን ወደ ሬዲዮኑ አቅርቡ። የዛሬው ንግግራችን በቤት ውስጥ፣ ከአሮጌ ዕቃ፣ የመጀመሪያውን ባለሞተር ብስክሌት ስለ መሥራት ነው።

ለመሆኑ ይኼ ነገር ከንባብና ከጽሕፈት ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። ብስክሌትን ባለሞተር የሚያደርገው መፍቻና ብየዳ ብቻ አይደለም፤ ማባዛትና ማካፈልም ነው። ስሌቱን የዘለለ ሰው ሞተሩን መግጠም ላያቅተው ይችላል። ብስክሌቱን ማቆም ግን ያቅተዋል።

በመጀመሪያ አንድ ታሪክ እናንሳ። የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሶይቺሮ ሆንዳ የሚባለው ጃፓናዊ በ1906 ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ብስክሌትም ይጠግኑ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1945 ሲያበቃ የጃፓን ከተሞች ፈርሰው፣ ባቡሩ ተጨናንቆ፣ ነዳጅ ጠፍቶ ነበር። በ1946 ሆንዳ ሐማማትሱ በምትባለው ከተማ ሳለ አንድ ትንሽ ሞተር አገኘ። ሞተሩ ለጦር ሠራዊቱ የመገናኛ ሬዲዮ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የተሠራ ነው። ጦርነቱ ስላበቃ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ሆንዳም ይኸው ሞተር ብስክሌት ሊነዳ እንደሚችል ታየው።

ለመጀመሪያው ሙከራ የነዳጅ ሰርባቶዮ ያደረገው ምን ይመስላችኋል? ለብርድ ጊዜ አልጋ ማሞቂያ የሚሆን የሙቅ ውሃ መያዣ ነበር! ብስክሌቱን በከተማው መንገድ እየነዳች እንድትሞክር ያደረገው ባለቤቱን ሳቺን ነው። እርስዋም ስትመለስ ከካርቡራቶሩ የሚረጨው ዘይት ልብሷን እንዳበላሸባት ነገረችው። እሱም ጉድለቱን ፈልጎ አስተካከለ። ቁጥራቸው 500 ያህል የሆነው አሮጌ ሞተሮች ሲያልቁበት በ1947 የራሱን ሞተር ሠራ፤ በ1948 ድርጅቱን አቋቋመ። ይኸው ድርጅት በ1958 ማምረት የጀመረው ሱፐር ከብ የተባለው ትንሽ ሞተር ሳይክል በ2017 ቁጥሩ 100 ሚሊዮን ሞልቷል።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው አሮጌ ዕቃ የተናቀ ዕቃ አለመሆኑን ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ በጥገና ሥራ ያደገ፣ ያገኘውን ጉድለት ሳያርም የማያልፍ ሰው ነበር። እኛም ሥራውን በተራ በተራ እንያዘው።

አንደኛ፣ ብስክሌቱን መርምሩ። ምናለሽ ተራም ሆነ ከሠፈር ቆራሌ የተገዛ ቢሆን፣ ቀለሙን አትዩ። አቧራና ቅባቱን ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጥረጉና ቧንቧዎቹ የተገናኙበትን ቦታ ሁሉ ፀሐይ ላይ ተመልከቱ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካያችሁ ያ ብስክሌት ሞተር አይሸከምም። በተለይ የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ከተሰነጠቀ ወይም ከተጣመመ መልሶ ማቃናት አያዋጣም፤ ሌላ ይፈለግ። ጎማውንም አንሥታችሁ አሽከርክሩት፤ ቸርኬው እየተወላገደ የሚዞር ከሆነ መጀመሪያ ሽቦዎቹ ይወጠሩ።

ሁለተኛ፣ ፍሬን። ሞተሩ ገና መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ የፊቱም የኋላውም ፍሬን መሥራት አለበት። ለምን? ደብተር ያላችሁ ጻፉ። ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ3 ሜትር ቢቆም፣ ያው ብስክሌት በ30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 12 ሜትር ይፈልጋል። ይህም እጃችሁ ፍሬኑን እስኪይዝ የሚታለፈውን መንገድ ሳይጨምር ነው። በዚያ 12 ሜትር ውስጥ ኳሱን ተከትሎ ወደ መንገድ የሚገባ ልጅ ሊኖር ይችላል። ደግሞም የብረት ቸርኬ በዝናብ ሲርስ የፍሬኑ ላስቲክ ይንሸራተታል። ያለቀ ላስቲክ ለውጡ፤ የተበጣጠሰ የፍሬን ሽቦ ቋጥራችሁ አትጠቀሙ።

ሦስተኛ፣ ሞተሩን ፈትኑ። 50 ሲሲ ያህል ይበቃል። ካንዴላውን ፍቱና ቀዳዳውን በአውራ ጣት ደፍናችሁ ሞተሩን አዙሩት። አየሩ ጣታችሁን ገፍቶ ካስለቀቀ እመቃው ደኅና ነው። ቀጥሎ ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አያይዛችሁ፣ ብረቱን ከሞተሩ አካል አስነክታችሁ አዙሩ፤ ብልጭታ መታየት አለበት። ይህን ስታደርጉ ግን ቤንዚን በአጠገባችሁ አይኑር። እመቃም ብልጭታም ያለው ሞተር የቀረውን ጥገና ይቀበላል።

አራተኛ፣ የጥርሱ ስሌት። ባለ 26 ኢንች ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ 2 ሜትር ይጓዛል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 500 ሜትር ነው። 500ን ለ2 ብናካፍል ጎማው በደቂቃ 250 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሞተሩ ግን በደቂቃ 5,000 ጊዜ ይዞራል እንበል። 5,000ን ለ250 ስናካፍል 20 እናገኛለን። ስለዚህ ሞተሩ 20 ጊዜ ሲዞር ጎማው 1 ጊዜ ብቻ መዞር አለበት።

ይህን በአንድ ደረጃ ማድረግ ስለሚያስቸግር በሁለት እንከፍለዋለን። ከሞተሩ በሚወጣው ዘንግ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በመካከለኛው ዘንግ ላይ ደግሞ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ብረት አድርገን በቺንጋ እናገናኛለን፤ 5 ጊዜ ቀነሰ። ከመካከለኛው ዘንግ ባለ 10 ጥርስ፣ በኋላው ጎማ ባለ 40 ጥርስ አድርገን በካቴና እናገናኛለን፤ 4 ጊዜ ቀነሰ። 5 ሲባዛ በ4፣ 20! ቺንጋውን የሚያጠብቅና የሚያላላ መያዣ ከተሠራለት እንደ ፍሪሲዮን ያገለግላል፤ ሲላላ ሞተሩ ሳይጠፋ ብስክሌቱ ይቆማል። በካቴናውና በቺንጋው ላይ ግን የቆርቆሮ መሸፈኛ ይሠራ። ነጠላም፣ ሱሪም፣ የልጅ ጣትም ይስባል።

አምስተኛ፣ ነዳጅ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚጠጣው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ልኩን የሞተሩ መመሪያ ይናገራል። 25 ለ1 የሚል ከሆነ ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ ከሐኪም ቤት መርፌ በሌለው ስሪንጅ ሊለካ ይችላል። በዓይን ግምት የሚጨምር ሰው ሞተሩን ያቃጥላል። የሆንዳን የውሃ መያዣ ሰምታችሁ ያገኛችሁትን የለስላሳ ጠርሙስ ሰርባቶዮ አታድርጉ። ለነዳጅ የተሠራ፣ ክዳኑ የሚገጥም፣ መዝጊያ ቧንቧ ያለው ይሁን። ቤንዚን የሚሞላው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ በደጅ፣ ከምድጃና ከሲጋራ ርቆ ነው።

በመጨረሻም ሙከራ። መጀመሪያ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥታችሁ አስነሡ። ሞተሩን በአንድ እጅ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ከማኑብርዮው ላይ መኖሩንና መሥራቱን አረጋግጡ። ሁሉንም ቡሎን እንደገና አጥብቁ፤ ንዝረት ያላላልና። ከዚያ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ የራስ ቁር አድርጋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ። ወደ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ በአካባቢያችሁ ያለውን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት በሕግ ፊት እንደ ተራ ብስክሌት ላይታይ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም።

አሁን የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አንድ ሰው በመካከለኛው ዘንግ ላይ ባለ 11 ጥርስ፣ በኋላው ጎማ ላይ ባለ 44 ጥርስ አገኘ። ቺንጋው 5 ጊዜ የሚቀንስ ከሆነ በጠቅላላው ስንት ጊዜ ይቀነሳል? ሠርታችሁ ለጎረቤታችሁ አስረዱ። ከዛሬው ስሌታችን ጋር እኩል ከመጣ በትክክል ሠርታችኋል። ለዛሬው በዚሁ አበቃሁ።