ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው

(በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የቁጥጥር ኮሚቴው ያሰማው ንግግር)

ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ስለ ሒሳብ ጥቂት እንድንናገር ፍቀዱልን።

በራሳችን ጥፋት እንጀምር። ከሦስት ዓመት በፊት ያቀረብነው ሪፖርት «ሒሳቡን መርምረን ትክክል ሆኖ አግኝተነዋል» ይል ነበር። የባንኩን መግለጫ ግን አላየንም። ገንዘብ ያዡ ወዳጃችን ናቸው፤ ከመካከላችን አንዱ ደግሞ አበልጃቸው ነው። «ወረቀቱን ያምጡ» ማለት የሰው ስም ማጉደፍ መሰለን። በዓመቱ የአዳራሽ ኪራይ ሁለት ጊዜ በወጪ ተመዝግቦ ተገኘ። ስርቆት አልነበረም፤ ስሕተት ነው። ያላየነውን አየን ብለን መፈረማችን ግን የእኛ ዕዳ ነው።

ይህ በትልልቆቹም ዘንድ ደርሷል። የሂዩስተኑ የኃይል ኩባንያ ኤንሮን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2001 ኪሳራውን ሲያውጅ፣ አብዛኞቹ የቦርዱ አባላት ከኩባንያው ሠራተኞች ውጭ የተመረጡ ነበሩ። የኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ ፕሮፌሰር የነበሩ ሰው ናቸው። ያም ሆኖ ቦርዱ በ1999 የሥነ ምግባር ደንቡን ወደ ጎን ትቶ፣ የፋይናንስ ኃላፊው አንድሩ ፋስታው ከኩባንያው ጋር የሚነግዱ ሽርክናዎችን እንዲመራ ፈቀደ። ሻጭም ገዢም እሱ ሆነ ማለት ነው። በኖቬምበር 2001 ኩባንያው ከ1997 ጀምሮ ያወጀውን ትርፍ ከ580 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀንሶ አረመ። የጡረታ ቁጠባቸውን በኩባንያው አክሲዮን ያስቀመጡ ሠራተኞች ሥራቸውንም ቁጠባቸውንም አጡ።

በ2002 የሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ባወጣው ሪፖርት፣ ከኦዲት ኮሚቴው አባላት አንዱ ከቦርድ አበላቸው ሌላ በወር 6 ሺህ ዶላር የአማካሪነት ክፍያ ይቀበሉ እንደነበር ተገልጿል። ሌላው የሚመሩት የካንሰር ሆስፒታል ከኩባንያው ስጦታ ያገኝ ነበር። ውጭ ሰው መባል ብቻውን ገለልተኛ አያደርግም። በዚያው ዓመት የወጣው የሳርቤንስ ኦክስሊ ሕግ ይህን ዓይነቱን ተጨማሪ ክፍያ ከለከለ፤ የውጭ ኦዲተሩን የመቅጠርና የመቆጣጠር ሥልጣንም ከሥራ አስኪያጆች ወስዶ ለኦዲት ኮሚቴው ሰጠ።

አግራዋልና ቻዳ በ2005 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካ ኩባንያዎችን መርምረው ነበር። የቦርዱ ገለልተኝነት ለብቻው የሒሳብ እርማትን ሲቀንስ አላገኙትም፤ ሒሳብ የሚያውቅ ገለልተኛ አባል ባለበት ግን እርማቱ አነስተኛ ነበር። የኤንሮኑ ሰብሳቢ እውቀቱ ነበራቸው እኮ! ስለዚህ እኛ ሦስተኛ ነገር እንጨምራለን፦ አፍ አውጥቶ መጠየቅ፣ ይሉኝታ ቢይዝም።

በሚቀጥለው ምርጫ የሥራ አስፈጻሚው ዘመድ ወይም አበልጅ የቁጥጥር ኮሚቴ አባል እንዳይሆን፣ ቢያንስ አንዱ ተመራጭ ሒሳብ የሚያውቅ እንዲሆን፣ የባንኩም መግለጫ በቀጥታ ለኮሚቴው እንዲላክ ሐሳብ አቅርበናል። አበልጅ የሆነው ባልደረባችን ከወዲሁ ለቋል፤ ቦታው ክፍት ነው። የዕጩዎች መመዝገቢያ ደብተር በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።