የአረቄው መለኪያ ሞልቷል፤ የስኳሩስ?

(ደብረ ሲና ላይ አንድ የጤና ባለሙያ ለከተማውና ለአካባቢው ነዋሪዎች ካደረገው ንግግር የተወሰደ)



ስለ ስኳር በሽታ ተናገር ስባል ዘወትር የምጠየቀው ስለ ድንችና ስለ ዳቦ ነው። ዛሬ ግን ሁላችሁም የምታውቁትን፣ ሐኪም ፊት ሲደረስ ግን የምትውጡትን ነገር ላንሳ። ስለ መጠጥ ነው። ሐኪሙ «ትጠጣለህ?» ሲል «ኧረ እኔ! ለዓውደ ዓመት ካልሆነ» ይባላል። እሱም «አትጠጣ» ብሎ ካርዱን ያጥፋል። ተሸዋውዶ መለያየት ማለት ይኼ ነው።

አንድ ወሬ ደግሞ አለ፤ «አረቄ ስኳር ይቆርጣል» የሚል። ጣፋጩን በሽታ መራራ ነገር ያባርረዋል ከሚል ሂሳብ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ግራዋውም ፌጦውም በዚሁ ሂሳብ ነው የሚታዘዘው። ጣርማበር ላይ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ በባዶ ሆዱ የደብረ ብርሃን አረቄ የሚጨልጥ ታማሚ ከሰዓት ሲለካ ስኳሩ ወርዶ ሊያገኘው ይችላል። «አላልኳችሁም!» ይላል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ሰውዬው አልዋሸም። ስኳሩ ወርዷል። የወረደው ግን ስለዳነ አይደለም።

ጉበታችን እንደ ጎተራ ነው። ስንበላ ስኳር ያጠራቅማል፤ ስንራብ ካጠራቀመው እየቆነጠረ፣ ሲያልቅበትም ራሱ እየሠራ ወደ ደም ይልካል። አልኮል ሲገባ ግን ጉበት እሱን ለማስወገድ ይጠመድና አዲስ ስኳር መሥራቱን ያቋርጣል። ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚውጥ ሰው ላይ መድኃኒቱ ስኳሩን ወደ ታች እየገፋ፣ ጎተራው ደግሞ ተዘግቷል። ታዲያ ምን ይይዘዋል? ደግሞ አደጋው ወዲያው ላይመጣ ይችላል። ማታ የተጠጣው ሌሊት በእንቅልፍ ላይ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ጠዋት ነው ሰውየውን የሚጥለው።

ስኳር የወረደበት ሰው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ይንገዳገዳል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል። የሰከረስ? ያው ነው! በዚያ ላይ አፉ አረቄ አረቄ ይላል። «ተዉት ይተኛ፣ ሲነጋ ይበርድለታል» ተብሎ ጋቢ ይደረብለታል። እንዲህ ጋቢ ተደርቦለት የቀረውን ማን ቆጠረው? «ሰክሮ ሞተ» ይባልና ስሙም አብሮት ይቀበራል።

ስለዚህ አደራዬ ለጠጪው ብቻ አይደለም። ለሚስቱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለአረቄ ቤቷ ባለቤት፣ ያንን የጣርማበርን ጠመዝማዛ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ለሚወርደው ረዳትም ነው። ስኳር ያለበትን ሰው «ሰክሯል» ብላችሁ አታስተኙት። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ግማሽ ጠርሙስ ኮካ (ስኳር አልባው አይደለም፣ ዋናው!) ወይም በውሃ የተበጠበጠ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ስጡት። ሩብ ሰዓት ጠብቁ፤ ካልተሻለው ድገሙለት። ሲሻለው ዳቦ ይብላ፣ ወይም ለአውቶቡስ ተሳፋሪ የምንሸጠውን የራሳችንን ቆሎ ይቆርጥም። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ጠብታ አታስገቡ፣ ያንቀዋል። በጎኑ አጋድማችሁ ወደ ሐኪም አክንፉት። እዚያም ስትደርሱ «ጠጥቷል» ከማለታችሁ በፊት «ስኳር አለበት» በሉ።

እኔ ቄስም ሼህም አይደለሁም፣ ማንንም አልገዝትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም ጉዳት የሌለው የመጠጥ መጠን የለም ብሏል። ተዉኝ እጠጣለሁ ላለ የስኳር ታማሚ ሐኪሞች የሚያስቀምጡት ጣሪያ በቀን ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ መጠጥ ነው። ይኸውም በልቶ፣ ሳይተኛም ለክቶ። አንድ መጠጥ ማለት አንድ ጠርሙስ ቢራ ነው፤ አርባ ሚሊ ሊትር ያህል የምትይዝ የአረቄ መለኪያም ከዚያ ብዙ አትርቅም። የከተማው ሰው «ኮክቴል» የሚለው ደግሞ ሽሮፕና ጭማቂ ያለበት ስለሆነ ስኳሩን መጀመሪያ ይሰቅለዋል፣ ከሰዓታት በኋላ ደግሞ አልኮሉ ሊያወርደው ይችላል። ጂን በስፕራይትም ያው ነው። የአንድ ለስላሳ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል፤ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በአምቦ ውሃ ቢቀላቀል ቢያንስ ስኳሩ ይቀራል።

የይፋት ወንድሞቼ «እኛ አልኮል አንነካም» ትሉኛላችሁ። እሰየው! ግን ብርዝ የማር ውሃ ነው፤ ቀሪቦም ውስጥ ስኳር ይጨመራል። እናንተንስ የሚያሰጋችሁ መውረዱ ሳይሆን መውጣቱ ነው። ቆላው ሌላም ጣጣ አለው። ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ ያገኘው ኢንሱሊን ኃይሉን ያጣል፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ውሃ ባረጠበው እንስራ ውስጥ ያስቀምጠው። በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ እዚህ ደርሶ መንገዱ ሲዘጋ መድኃኒት ማጣት ምን ማለት እንደሆነ አይተናል። ኢንሱሊን ሲበላሽ ወይም ሲጠፋ አረቄ ተተኪ መስሎ የሚታየው ሰው አለና ነው ይህን ማንሳቴ። አይተካም!

መንግሥትስ? በ2011 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወገደ። ደግ አደረገ። በ2012 ዓ.ም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1186 የኤክሳይስ ታክሱን አሻሻለ። ጓዳ ውስጥ የሚወጣው አረቄ ግን ማስታወቂያም አይሻም፣ ቀረጥ ሰብሳቢም አያውቀው። ከቢራው የሚሰበሰበው ብር ታዲያ ለምን የደም ስኳር መለኪያና ስትሪፕ ገዝቶ በየጤና ጣቢያው በነጻ አያድልም? እዚህ ከተማ መለኪያ በሽ ነው፤ የአረቄው! የስኳሩን መለኪያ በቤቱ ያስቀመጠ ግን እጁን ያውጣ እስቲ… አያችሁ? ያልለካ ሰው በስሜቱ ነው የሚሄደው። መጠጥ መጀመሪያ የሚያደበዝዘው ደግሞ ያንኑ ስሜት ነው።

በሉ፣ የኔን መለኪያ ይዤ መጥቻለሁ። ተሰለፉ፤ ቁርስ የበላና ያልበላ ለየብቻ። ትናንት ማታ የቀመሰም ካለ በጆሮዬ ይንገረኝ፣ ለባለቤቱ አልናገርም።