ሕመሙ ሲበርድ፦ ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት፣ የታካሚው አመለካከትና የመድኃኒት ቁርኝት



ንግግሬን በራሴ ጥፋት ልጀምር። ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ የትልቁ አንጀት ቁስለት፣ ማለትም አልሰራቲቭ ኮላይተስ፣ የነበረባቸውን አንዲት እናት እከታተል ነበር። ሰልፋሳላዚን ጀመሩ፤ ደም የቀላቀለው ተቅማጥ ቆመላቸው። በየቀጠሮው «መድኃኒትዎን በትክክል እየወሰዱ ነው አይደል?» እላቸው ነበር፤ እርሳቸውም «አዎን» ይሉኝ ነበር። ከወራት በኋላ ገርጥተው፣ በሰው ተደግፈው መጡ። መድኃኒቱን ካቆሙ ሰንብተው ኖሯል። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ «ሽንቴ ብርቱካን መሰለ፤ ጉበቴን የጨረሰው መሰለኝ። ደግሞስ ድኜ አልነበር?» አሉኝ።

ሰልፋሳላዚን ሽንትን ብርቱካናማ ማድረጉ የታወቀና ጉዳት የሌለው ነገር ነው። ይህን ለመንገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ሳስረዳቸው፣ «ልጄ፣ ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕክምናን በታዘዘው መሠረት የሚከታተሉት ታካሚዎች ግማሽ ያህል ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። በዚያው ዓመት ሱናንዳ ኬንና ባልደረቦቿ፣ አልሰራቲቭ ኮላይተስ የበረደላቸውንና ሜሳላሚን የሚወስዱ 99 ታካሚዎችን ተከታትለው ውጤቱን አሳተሙ። መድኃኒታቸውን በአግባቡ የወሰዱት ሕመሙ ሳያገረሽባቸው የመቆየት ዕድላቸው 89 በመቶ ሲሆን፣ ያጓደሉት ግን 39 በመቶ ብቻ ነበር።

ታዲያ ይህን ያህል የሚጠቅም መድኃኒት ስለ ምን ይተዋል? ሮበርት ሆርንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት መጠይቅ ታካሚው በልቡ የሚይዘውን ሚዛን ያሳየናል። በአንደኛው ወገን «ያስፈልገኛልን?»፣ በሌላው «ይጎዳኛልን?» የሚሉ ጥያቄዎች ተቀምጠዋል። የአንጀት ብግነት እየበረደ የሚያገረሽ ሕመም ነውና፣ ሲበርድ የመጀመሪያው ወገን ይቀልላል፤ ስጋቱ ግን ባለበት ይቆያል። መድኃኒቱ የሚተወው እንግዲህ በትክክል ሲሠራ ነው።

በእኛ አገር በዚህ ሚዛን ላይ የሚጨመር ሌላ ነገር አለ። ታካሚው እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ብዙ ጊዜ ለአሜባ ወይም ለታይፎይድ ታክሟል። እነዚያ ሕክምናዎች በቀናት የሚያልቁ ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና እንኳ ረዘመ ቢባል መጨረሻ አለው። ስለዚህ «መድኃኒት ተወስዶ ያልቃል» የሚለውን ትምህርት የሰጠነው እኛው ነን። በዚህ ላይ የጾም ሰዓት አለ፤ ስለ ሰገራ ለመናገር ማፈር አለ፤ ጸበልም አለ። ጸበልን በተመለከተ ክርክር መግጠም እንደማያስፈልግ ከኤች አይ ቪ ሕክምና ልንማር እንችላለን፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው ለብዙዎች ከምርጫው ጭንቅ መውጫ ሆኗል።

ሁሉም ያቋረጠ ሰው ግን በአመለካከቱ የተነሳ አቋረጠ ማለት አይደለም። ዋጋው ከአቅሙ በላይ የሆነበት፣ ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞሮ ያጣው፣ በሥራ ብዛት የረሳውም አለ። ገንዘብ ላጣ ሰው ምክር መስጠት ከስድብ አይለይም። ምክንያቱን ሳንለይ መፍትሔ መስጠት አንችልም።

ውድ ተማሪዎች፤ «እየወሰዱ ነው አይደል?» የሚለው ጥያቄ መልሱን አብሮ ይዞ ይመጣል። በምትኩ «ብዙ ሰው መድኃኒት ያመልጠዋል፤ እርስዎ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት?» በሉ። ቀጥሎም «ስለ መድኃኒቱ የሚያሰጋዎ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ሳታቋርጡ ስሙ። እኔ ይህን የተማርኩት እኒያን እናት ለዳግም ሕመም ከዳረግኩ በኋላ ነው። እናንተ ሳትዳርጉ ተማሩት።